ጥርስ የሌለው ነጭ ዓሣ ሌላ ዓሣ እንዴት ይበላል?

ጠያቂ፦
ባለፈው ቅዳሜ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር የገዛሁትን ነጭ ዓሣ ሳጸዳ ጨጓራው ውስጥ ጣት የሚያክል ሌላ ዓሣ ሳይቆራረጥ አገኘሁ። አፉን በጣቴ ብዳስሰው አንድም ጥርስ የለውም፤ ሻጩም «ነጭ ዓሣ ጥርስ የለውም፣ ከጭቃ እየለቀመ ነው የሚኖር» ብሎኝ ነበር። ታዲያ ይህን ትንሽ ዓሣ በምን ያዘው? የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

የዘጌው፦
ሻጩ የነገረዎት ግማሹ እውነት ነው። ነጭ ዓሣ የካርፕ ወገን ሲሆን፣ የዚህ ወገን ዓሦች መንጋጋቸው ጥርስ አልባ ነው፤ ጥርሳቸው የሚገኘው ከስንጥባቸው በስተኋላ፣ ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ዓሣው አፉን በድንገት ወደ ፊት ዘርግቶ ሲከፍት ውኃው ታዳኙን ይዞ ይገባል፤ የጉሮሮው ጥርስ ደግሞ ይዞ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ነክሶ መቁረጥ ስለማይችል ሊውጠው ከሚችለው በላይ የሆነውን አይነካም፤ ከ10 ሳንቲ ሜትር የማይበልጡት የጣና ትንንሽ ዓሦች ግን ይመቹታል። በነገራችን ላይ እነዚህ ዓሦች ጨጓራ የላቸውም፤ እርስዎ ያገኙት አንጀቱ ውስጥ ነው።

መምህሩ፦
በዚህ ላይ የምጨምረው አለ። በጣና ካሉት 15 ያህል ትልልቅ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው፤ ለካርፕ ወገን ይህ እጅግ ያልተለመደ ነው። 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጡትን ዓሦች ስለሚያግድ፣ ከአምባዛ በቀር በሐይቁ ውስጥ የሚፎካከራቸው ዓሣ በል ዓሣ የለም ለማለት ይቻላል፤ ባዶ የቀረውን ቦታ የያዙት እነርሱ ናቸው። አምባዛ እንኳ በደፈረሰ ውኃ በጢሙ እየዳሰሰ ያገኘውን ሁሉ ይበላል እንጂ እንደ እነርሱ ዓሣ በማሳደድ ብቻ አይኖርም። ቆሮሶ ደግሞ በአብዛኛው አልጌ በል ነው።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ሌላ ነጭ ዓሣ ገዝቼ ጭንቅላቱን ከስንጥቡ በስተኋላ ከፈትሁት፤ በግራና በቀኝ፣ በሦስት ሦስት ረድፍ የተሰደሩ፣ ጫፋቸው የተቆለመመ ጥርሶች አገኘሁ።