የድሬ ሙቀት መስታወቴን እያዘነበለብኝ ነው

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከድሬዳዋ ነኝ። ሳተላይቶች የከባቢ አየርን ሙቀትና እርጥበት የሚለኩበትን ዓይነት የኢንፍራሬድ ስፔክትሮሜትር (ብርሃንን በሞገድ ርዝመቱ ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) ለማስተማሪያ አነስ አድርጌ እየሠራሁ ነው። ማይክልሰን የሚባለው ዓይነት ነው፤ ብርሃኑን ለሁለት ከፍሎ በሁለት ክንዶች ይልካል፣ አንዱ ቋሚ ሌላው ተንቀሳቃሽ የሆኑት መስታወቶች መልሰውት ይገናኛል። ክፍሎቹ፦ 25 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ጠፍጣፋ መስታወቶች፣ የዚንክ ሴሌናይድ ብርሃን ከፋይ፣ የአሉሚኒየም መደብ። የመስታወቱን ጉዞ የምቆጥረው በቀይ ሄሊየም ኒዮን ሌዘር ነው።

ጠዋት ሁሉም ሰላም ነው። ከሰዓት ግን፣ የድሬን ፀሐይ ታውቋታላችሁ፣ የሌዘሩ መስመሮች (ሁለቱ ጨረሮች ሲገናኙ የሚፈጠሩት ብሩህና ጨለማ መስመሮች) ደብዝዘው ይጠፋሉ። ቆጠራው ይዘላል፣ ስፔክትረሙም ይበላሻል። የመስታወቱን ማስተካከያ ብሎን ነካ ሳደርገው ይመለሳል፤ ስለዚህ መስታወቱ እየዘነበለ ነው። በሌዘሩ 0.633 ማይክሮሜትር ሞገድ፣ 13 ማይክሮራዲያን ገደማ መዘንበል ብቻ በጨረሩ ስፋት ላይ አንድ ሙሉ መስመር ይጨምራል። በ10 ማይክሮሜትር ግን እዚያ ለመድረስ 200 ያስፈልጋል። ኢንፍራሬዱማ ቻይ ነው፣ የሚያስቸግረኝ ሌዘሩ ነው። መደቡን በፎም ሸፈንኩት፤ አዘገየው እንጂ አላስቀረውም።

ክሪስ (CrIS) የተባለው የአሜሪካ ሳተላይቶች መሣሪያ ጠፍጣፋ መስታወት ይዞ ዝንባሌውን በራሱ ያርማል። ይህ ከአቅሜ በላይ ነው። በአውሮፓ ሜቶፕ ሳተላይቶች ላይ ያለው ተመሳሳይ መሣሪያ ያሲ (IASI) ደግሞ መዘንበል የማይነካው ባለሦስት ገጽ የማዕዘን አንጸባራቂ ይጠቀማል። የቅየሳ ፕሪዝም፣ ማለትም ከድፍን ብርጭቆ የተሠራ ይኸው ዓይነት አንጸባራቂ፣ ላበድርህ ያለኝ ሰው ነበር፤ ብርጭቆው 10 ማይክሮሜትርን ስለማያሳልፍ አይሆንም። ውስጡ ክፍት የሆነውን አንጸባራቂ መግዛት የምችለው ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

በሚንቀሳቀሰው መስታወት ቦታ እሱን ተክቼ የቆመውን ጠፍጣፋውን ብተወው ይሠራልኛል፣ ወይስ ሁለቱም ክንዶች የግድ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው?