ሲዲውን ልግዛ ወይስ ፋይሉን ላውርድ? እባካችሁ አማክሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሙዚቃ ገዝታችሁ የምታዳምጡ ሰዎች እርዱኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ መወሰን አቅቶኝ ሰነበትኩ።

በጣም የምወደው አንድ አልበም በሲዲም በሚወርድ ኤምፒ3ም ይሸጣል። ፋይሉ ረከስ ይላል፤ እንደከፈልኩ ማዳመጥ እችላለሁ። ሲዲው ግን ያልተጨመቀ ባለ 16 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ ድምፅ ነው፤ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ገደማ። ኤምፒ3ው ቢበዛ 320 ነው። ጆሮዬ ልዩነቱን ይለየው እንደሆነ እንጃ።

ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ከዓመታት በፊት ከአንድ የኢንተርኔት መደብር የገዛኋቸው ዘፈኖች ኮምፒውተሬ ሲበላሽ አብረው ጠፉ። ሌላ ቦታ ቅጂ አላስቀመጥኩም ነበር፤ እንደገና ላውርድ ስል ደግሞ መደብሩ ተዘግቷል። እስካሁን ይቆጨኛል። ሲዲ ቢያንስ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ለወዳጅ ይዋሳል፣ ሲያስፈልግም ይሸጣል። የሙዚቀኞቹ ስም የሰፈረበት ቡክሌትም አብሮት ይመጣል፤ ቤዙን ማን እንደተጫወተ ማወቅ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ፣ ላፕቶፔ ሲዲ ማስገቢያ የለውም። በዩኤስቢ የሚሰካ ማጫወቻ ገዝቼ ሲዲውን ወደ ፍላክ (FLAC) የድምፅ ፋይል ብገለብጠው ያዋጣኛል? ፍላክ የድምፁን ጥራት ሳይቀንስ እንደሚጨምቅ አውቃለሁ፤ ግን ለመገልበጥ የትኛውን ፕሮግራም ትጠቀማላችሁ? ያገለገለ ሲዲ ብገዛና ጭረት ቢኖረው በትክክል ይገለበጣል? ወይስ አልበሙን በፍላክ የሚሸጥ ፈልጌ ፋይሉን ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ባስቀምጠው ይሻላል? ሁለቱንም የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ከመግዛቴ በፊት መልሳችሁን እጠብቃለሁ።