መሰናክሉ አልወድቅ አለኝ፣ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ቤተሰቦች። በፊት ለክለብ 400 ሜትር መሰናክል እሮጥ ነበር፣ ጉልበቴ ሲያስቸግረኝ አቁሜ አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ለትምህርት ቤቶች የስፖርት ዕቃ አቀርባለሁ። ኳሱና መረቡ ችግር የለውም። የጨነቀኝ መሰናክሉ ነው። ከውጭ የሚመጣው ዋጋው ስለማይቀመስ መርካቶ ብየዳ ቤት 20 አሠርቼ አስረከብኩ፣ ከፍታው 76.2 ሳንቲሜትር፣ ልክ ለልጃገረዶች የሚሆነው፣ ቀለሙም ያማረ። ግን ሲመታ አይወድቅም! የአትሌቲክስ ደንቡ የላይኛው ጠርዝ መሀሉ ላይ ከ3.6 እስከ 4 ኪሎ ግፊት ሲያርፍበት መውደቅ አለበት ይላል፣ የኔን በሻንጣ ሚዛን ስስበው 7 ኪሎ ላይ ነው የተነሳው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ጉልበቷ ተላጠ። ደሟን በሶፍት የጠረግኩላት እኔው ነኝ፣ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ሁሉንም መልሼ ሰብስቤያለሁ። ትምህርት ቤቱም ክፍያውን ይዟል፣ አይፈረድበትም። በያጁ መሬት ላይ የሚተኛውን የመሰናክሉን እግር እንቁረጠው ይላል፣ እኔ ደግሞ ካጠረ ንፋስ እንዳይጥለው እፈራለሁ። የሚወድቅበትን ግፊት ለማስተካከል እግሩ ውስጥ የሚንሸራተት ክብደት የሠራ ሰው አለ? ስንት ኪሎ፣ ከምን ብረት? ፎቶ ብትልኩልኝ ለበያጁ አሳየዋለሁ። የተሰጠኝ ጊዜ 2 ሳምንት ብቻ ነው።