በሃርድዌር ሴኩዌንሰር ብዙ ትራክ ለመቅዳት ከየት ልጀምር?

ጀማሪ አቀናባሪ

ሰላም ለሁላችሁም። ኮምፒውተር ሳያስፈልገው ብቻውን የሚሠራ ሃርድዌር ሴኩዌንሰር (የተጫወቱትን መዝግቦ ሌሎች መሣሪያዎችን መልሶ የሚያጫውት) በቅርቡ አግኝቻለሁ። ከእሱ ጋር የማገናኛቸው አንድ ባለ ኪቦርድ ሲንተሳይዘር፣ አንድ ኪቦርድ የሌለው የድምፅ ሞጁልና አንድ ድራም ማሽን አሉኝ። በአንድ ትራክ ላይ መቅዳት አላስቸገረኝም፤ ሁለተኛውን ስጨምር ግን ሁሉም ነገር ይደበላለቅብኛል። ለሞጁሉ ያሰብኩትን ቤዝ ስጫወት ሌሎቹም መሣሪያዎች አብረው ይጮኻሉ፤ የሲንተሳይዘሩም ድምፅ ሁለት ጊዜ እንደተመታ ያህል ይደራረባል። ማጫወቻውን ስጫን ደግሞ ድራም ማሽኑ ያልቀዳሁትን ምት በራሱ ይጀምራል። መመሪያው እያንዳንዱን ቁልፍ በሚገባ ቢያብራራም ሥራው በምን ቅደም ተከተል እንደሚከናወን አይናገርም። ለመሆኑ ትራክና ቻናል የተለያዩ ነገሮች ናቸው?

ሽቦና ዜማ

አዎ፣ የተለያዩ ናቸው፤ የአብዛኛው ችግርዎ ምንጭም ይኸው ይመስለኛል። እንዲህ ያለው ሴኩዌንሰር የሚያስቀምጠው ድምፅን ሳይሆን ትእዛዝን ነው፤ የትኛው ኖታ፣ መቼና በምን ያህል ጉልበት እንደተመታ፣ መቼም እንደተለቀቀ ይመዘግባል። ትራክ ይህ መዝገብ የሚቀመጥበት ቦታ ሲሆን፣ ቻናል ግን ትእዛዙ ለየትኛው መሣሪያ እንደሚደርስ የሚወስን አድራሻ ነው። በ1983 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነውና የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚግባቡበት የሚዲ ደንብ በአንድ ኬብል ውስጥ 16 ቻናሎችን ያስተላልፋል። ስለዚህ የባስ ድራሙን በአንድ ትራክ፣ ስኔሩን በሌላ ትራክ ቀድተው ሁለቱንም በአንድ ቻናል ወደ ድራም ማሽኑ መላክ ይችላሉ፤ ለየብቻ ለማረም በጣም ይመቻል።

ምንም ከመቅዳትዎ በፊት ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ቻናል ይስጡት። ለምሳሌ ሲንተሳይዘሩን በ1፣ ሞጁሉን በ2፣ ድራም ማሽኑን በ10 ያድርጉ፤ ከ1991 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጄኔራል ሚዲ ደንብ 10ኛው ቻናል ለከበሮ የተመደበ በመሆኑ ብዙዎች ይህንኑ ይከተላሉ። ሁሉም አብረው የሚጮኹት ምናልባት ኦምኒ በሚባለው ሁኔታ ላይ ስለሆኑ ነው፤ በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ መሣሪያ በየትኛውም ቻናል ለመጣ ትእዛዝ መልስ ይሰጣልና በሦስቱም ላይ ያጥፉት።

የድምፁ መደራረብ ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። ኪቦርዱን ሲነኩ ኖታው በቀጥታ ወደ ሲንተሳይዘሩ የራሱ ድምፅ ይሄዳል፤ በተጨማሪም ወደ ሴኩዌንሰሩ ገብቶ በኬብል ተመልሶ ይመጣል። በሲንተሳይዘሩ ላይ «ሎካል» የሚለውን ምርጫ ያጥፉ፤ በሴኩዌንሰሩ ላይ ደግሞ የገባውን ኖታ ወደተመረጠው ትራክ ቻናል የሚያስተላልፈውን ምርጫ ያብሩ። ከዚያ በኋላ ሴኩዌንሰሩ ካልበራ ሲንተሳይዘሩ ቢነኩትም ድምፅ አይሰጥም፤ ተበላሽቷል ብለው እንዳይደነግጡ።

በኬብሉ በኩል የሲንተሳይዘሩን አውት (መውጫ) ወደ ሴኩዌንሰሩ ኢን (መግቢያ)፣ የሴኩዌንሰሩን አውት ወደ ሲንተሳይዘሩ ኢን ያገናኙ። ሴኩዌንሰሩ አንድ አውት ብቻ ካለው፣ ከሲንተሳይዘሩ ወደ ሞጁሉ፣ ከሞጁሉ ወደ ድራም ማሽኑ የሚያልፉት የተቀበለውን እንዳለ በሚያሳልፈው «ስሩ» (Thru) በሚባል መሰኪያ ነው፤ አውት በተለምዶ መሣሪያው ራሱ ያመነጨውን እንጂ የተቀበለውን አያስተላልፍም።

ምት ጠባቂ

ስለ ድራም ማሽኑ ልጨምር። ሴኩዌንሰሩ ከኖታ ሌላ የጊዜ ምልክት፣ ማለትም ሚዲ ክሎክ፣ በእያንዳንዱ ሩብ ኖታ 24 ጊዜ ይልካል፤ ማጫወቻውን ሲጫኑም የመነሻ ትእዛዝ አብሮ ይወጣል። የእርስዎ ድራም ማሽን ይህንን ተቀብሎ በውስጡ የተቀመጠውን ፓተርን (እየተደጋገመ የሚጫወት አጭር ክፍል) እያስነሳ ነው። ከሁለት አንዱን መምረጥ ይኖርብዎታል፦ ወይ ከበሮውን በድራም ማሽኑ ላይ ሠርተው በክሎክ ብቻ አብሮ እንዲሄድ ያድርጉ፤ ወይ ደግሞ ክሎክ መቀበሉን አጥፍተው የከበሮውን ኖታዎች በሙሉ በሴኩዌንሰሩ ይቅዱ። ሁለተኛው ሥራው ሁሉ በአንድ ቦታ እንዲቀመጥ ስለሚያደርግ ለጀማሪ የሚሻል ይመስለኛል።

አቀዳዱን በተመለከተ 4 ባር ያለው አንድ ፓተርን ይክፈቱና ቴምፖውን ከሚፈልጉት ዝቅ አድርገው ይጀምሩ፤ ትእዛዝ እንጂ ድምፅ ስላልተቀዳ በኋላ ቢያፈጥኑት የድምፁ ከፍታ አይለወጥም። ከበሮ፣ ቀጥሎ ቤዝ፣ ከዚያ ሌላው ቢሆን እመርጣለሁ። ኖታዎችን ወደ ትክክለኛው ምት የሚያስጠጋውን ኳንታይዝን ግን በጥንቃቄ ይጠቀሙበት። መሣሪያዎ የተቀዳውን ሳይነካ በሚያጫውትበት ጊዜ ብቻ ማስተካከል የሚችል ከሆነ ያንን ይምረጡ፤ በዚህ መንገድ የእጅዎ አጨዋወት ሳይጠፋ ይቆያል።

ቀስ በቀስ

በቅደም ተከተሉ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሐሳቡ ከዜማ የመነጨ ከሆነ ዜማውን በሜትሮኖም አስቀድሞ መቅዳት ይሻላል፤ ከበሮው በኋላ ዜማው የሚተነፍስባቸውን ቦታዎች እየተከተለ ይገባል። ከዚህ ሌላ በአንድ ኬብል ውስጥ ትእዛዞች የሚያልፉት በየተራ መሆኑን ልብ ይበሉ። አንድ የኖታ ትእዛዝ እስከ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚወስድ፣ በአንድ ቅጽበት ብዙ ኖታዎች ሲደራረቡ የመጨረሻው በጥቂቱ ይዘገያል። ሴኩዌንሰርዎ ሁለት አውት ካለው አንዱን ለከበሮ ብቻ ይተዉለት።

ጀማሪ አቀናባሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ኦምኒንና ሎካልን ካጠፋሁ በኋላ ሁሉም በየቦታው ሆኗል። አሁን ይህን 4 ባር እንዴት ወደ ሙሉ ሙዚቃ ላሳድገው?

ሽቦና ዜማ

በመጀመሪያ ፓተርኑ እየተሽከረከረ ሳለ ትራኮችን እየዘጉና እየከፈቱ ያዳምጡ፤ የመግቢያው፣ የመካከሉና የማብቂያው ክፍል ከዚያ ይገኛል። ጥሩ ሆኖ የተሰማዎትን እያንዳንዱን ጥምረት ፓተርኑን ኮፒ በማድረግ ለየብቻ ያስቀምጡና በሶንግ ገጽ ላይ በተራ ያሰልፏቸው። በአንድ ክፍል መጀመሪያ ላይ የሞጁሉን ድምፅ የሚቀይር ትእዛዝ ካስገቡ ከመጀመሪያው ኖታ ጥቂት ቀደም አድርገው ያስቀምጡት፤ አንዳንድ መሣሪያ ድምፁን እስኪቀይር ድረስ ጊዜ ስለሚፈልግ የመጀመሪያው ኖታ በቀድሞው ድምፅ ሊወጣ ይችላል። ኃይል ከማጥፋትዎ በፊትም ፕሮጀክቱን ራስዎ ያስቀምጡ፤ በራሱ የማያስቀምጥ ሴኩዌንሰር ብዙ ነው።