አባይን በክረምት፦ በአሮጌ ቪትዝ ወርጄ መውጣት እችላለሁ?

ጥያቄ (መምህርት፣ ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። መኪና ከያዝሁ ገና አምስት ወሬ ነው። ያለችኝ አሮጌ ቪትዝ ናት፣ አውቶማቲክ። በጋውን በከተማ ውስጥ ስነዳ ችግር አልገጠመኝም። አሁን ግን ክረምቱ ገባ። እናቴ ለዓይኗ ሐምሌ 24 አዲስ አበባ ቀጠሮ አላት። አውቶቡስ በጣም ስለሚያደክማት እኔው ልወስዳት ነው።

ባለፈው ሳምንት ከአንድ ዘመዴ ጋር ለልምምድ ወደ አባይ ድልድይ ወረድን። ያካፋ ነበር። ከደጀን በታች ቁልቁለቱ ላይ ያለችውን ኩራርን አልፈን ትንሽ እንደሄድን የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ፍሬኑን ስረግጠው እንደ ስፖንጅ ስምጥ አለ። መኪናዋ ቆመች፣ ግን መቆም ካለባት ቦታ ብዙ አልፋ ነው። ያን ቀን እጄ ሲንቀጠቀጥ አመሸ።

እባካችሁ እርዱኝ። ቁልቁለቱን እንዴት ነው የምወርደው? ሁለተኛ፣ አንድ ጎማ ሻጭ ከውጭ የመጣ "የክረምት ጎማ" አለኝ ብሎ ውድ ዋጋ ጠርቶልኛል፣ ልግዛ? ሦስተኛ፣ የእናቴ ቤት ከቢቸና ወዲያ ከዋናው መንገድ አምስት ኪሎ ሜትር ገባ ይላል፣ መሬቱ ዋልካ፣ የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር ነው። እዚያስ እንዴት ልድረስ?

መልስ (የከባድ መኪና ሹፌር፣ ደጀን)

ልጄ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ። የሸተተሽ የፍሬን ሸራ ነው። አባይን ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ፍሬን አይኖረውም።

ደጀን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ድልድዩ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ይህን ሁሉ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ትወርጂዋለሽ። በፍሬን ብቻ ካልሽ ሸራው መጋሉ አይቀርም። እኛ ሾፌሮች የምንለው አንድ ነገር ነው፤ በምትወጪበት ማርሽ ውረጂ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ገና ሜዳው ላይ ሳለሽ፣ ከዲ ወደ 2 አውርጂው። ጠመዝማዛው ሲከፋ ቀስ ስትይ ወደ ኤል። ሞተሩ ይጮኻል። ይጩህ፣ አትፍሪ፣ መኪናዋን ይዞልሽ ነው። ፍሬኑን ጠበቅ አድርገሽ ትረግጫለሽ፣ ፍጥነቷ ሲወርድ ሙሉ ለሙሉ ትለቂዋለሽ። እግርሽን አስደግፈሽ አትውረጂ።

ደግሞ መሬቱ ራሱ ተንሸራታች ነው። አስፋልቱ አንዳንድ ቦታ እንደ ማዕበል ተነስቷል፣ ሌላ ቦታ ሰምጧል። ዝናብ ሲዘንብ ከገደሉ ድንጋይ ይወርዳል። መንገዱ ላይ አዲስ አፈር ካየሽ ቀጥሎ ድንጋይ አለ ብለሽ ጠብቂ። ገደል ሥር መኪና አታቁሚ፣ ለፎቶም ቢሆን።

ሰዓቱንም ምረጪ። ጠዋት አፋፉ ላይ ጉም ይተኛል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሦስት ሰዓት ላይ ይገለጣል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናቡ ይመጣል። ከሦስት እስከ ሰባት ሰዓት ባለው ጊዜ ጨርሰሽ ከወንዙ ማዶ አፋፉ ላይ ጎሃ ጽዮን ብትገኚ ደግ ነው። ሲኖትራክ ከኋላሽ ቢያስቸግርሽ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገሽ አሳልፊው። እልህ አያስፈልግም።

መልስ (ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ)

እኔ አጎቴ ሲያደርግ እንዳየሁት ማርሹን አውጥተሽ በዜሮ ብትለቂው ፍሬኑም አይደክም፣ ቤንዚንም ይቆጥባል። ጎማውንም ትንሽ አስተንፍሺው፣ ዝናብ ላይ ይይዛል።

መልስ (መካኒክ፣ ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ አስበህላት እንደጻፍህ አውቃለሁ። ግን ሁለቱም ስህተት ነው፣ እህታችንን ሊጎዳት ይችላል። በዜሮ ስትወርድ ሞተሩ መኪናውን አይይዝም፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ቤንዚንም አይቆጥብም። እንደ ቪትዝ ባለ ኢንጀክሽን መኪና ማርሽ ውስጥ ሆነህ ነዳጅ መስጫውን ስትለቅ ኮምፒውተሩ ራሱ ነዳጁን ይዘጋዋል። በዜሮ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል።

ንፋስ መቀነስም እንደዚሁ። ንፋሱ ያነሰ ጎማ መሀሉ ይጎደጉዳል፣ ውሃውን ገፍቶ ማስወጣት ያቅተዋል። መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ መሪም ፍሬንም አይታዘዝም። ልኩ በሾፌሩ በር በኩል፣ በሩን ስትከፍቱ በሚታየው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ይለካ።

አሁን ወደ እህቴ። እንደ ስፖንጅ ስምጥ አለ ያልሽው ነገር አሳስቦኛል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም። ውሃ ሲገባበት 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ ቱቦው ውስጥ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። ፔዳሉ የሰመጠብሽ በዚህ ይመስለኛል። ሲቀዘቅዝ ወደ ቦታው ስለሚመለስ ሰው "ተሻለው" ብሎ ይተወዋል። አትተይው። ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ፣ አየሩ ይውጣ፣ የአራቱም እግር ሸራ ተፈትቶ ይታይ። ይህ ሳይሆን አባይን አትውረጂ፣ አደራ።

መልስ (ትውልዴ ደምበጫ፣ አሁን ኦስሎ)

ስለ ጎማው እኔ ልመልስ። እዚህ አገር ክረምት ማለት በረዶ ነው። "የክረምት ጎማ" የሚባለው ላስቲኩ ለስላሳ ነው፣ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ እንዳይደርቅ ተብሎ የተሠራ። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት አለበት። እኛ አገር ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው። አባይ በረሃ ደግሞ ታችኛው ክፍል በሐምሌም ይሞቃል። ያ ለስላሳ ላስቲክ ሙቅ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል፣ ፍሬን ስትይዢም ከተራው ጎማ የባሰ ይርቃል። ስሙ ክረምት ስለሆነ አትሸወጂ። በዚያ ዋጋ ጥርሱ ያላለቀ ደህና ተራ ጎማ ብትገዢ ይሻልሻል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው ያመሰገንኋችሁ። ጋሼ፣ የእርስዎን ምክር ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። አሁን ያሉኝን ጎማዎች ወጥቼ አየኋቸው። የኋላዎቹ ጥርሳቸው አለ። ጎናቸው ላይ 1413 ይላል። 2013 ዓ.ም. ከሆነ ብዙም አላረጁም አይደል?

መልስ (ጎሚስታ፣ ፍኖተ ሰላም)

እህቴ፣ ያ ቁጥር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 1413 ማለት በፈረንጆቹ 2013፣ በ14ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። በእኛ መጋቢት 2005 ላይ ይውላል። ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል። ያረጀ ጎማ ጥርስ ቢኖረውም ላስቲኩ ደርቋል። ጎኑን እጠፍ አድርገሽ እዪው፣ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ነገር ታያለሽ። እንዲህ ያለው እርጥብ አስፋልት አይዝም፣ ሙቀት ላይ ደግሞ ይፈነዳል።

የፊቶቹንም ቦዩ ውስጥ እዪ። ትንሽ ጉብታ አለ። ጥርሱ ከእሷ እኩል ከሆነ 1.6 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል፣ አለቀ ማለት ነው። ለክረምት ቢያንስ 3 ሚሊ ቢኖረው ነው የምወደው። አራቱንም መለወጥ ካልቻልሽ ሁለቱን አዲሶች ከኋላ አስገቢ። ሰው ከፊት ይላል፣ ግን ኋላው ሲከዳሽ መኪናዋ ትዞራለች። ቅያሪ ጎማዋንም አስነፊያት። ክሪኩና የቡሎን መፍቻው እንዳሉ እዪ፣ አንድ ጊዜ ቤትሽ ደጅ ላይ ጎማ ፈትተሽ ግጠሚ። ዝናብ ላይ ከመማር ይሻላል።

መልስ (የሚኒባስ ሹፌር፣ እንጅባራ)

ከእንጅባራ እስከ ደብረ ማርቆስ ሐምሌን ሙሉ የምሠራው በጉም ውስጥ ነው። ጉም ላይ ረጅም መብራት አታብሪ፣ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይንሽ ውስጥ ይገባል። አጭሩን አብሪና የቀኙን የመንገድ ጠርዝ እየተከተልሽ ሂጂ። መስታወቱ ከውስጥ ሲደበዝዝ ኤሲውን ከሙቅ አየር ጋር አብሪው፣ በደቂቃ ይጠራል። ኤሲ ካልሠራ መስኮት ትንሽ ከፍ አድርጊ። የዝናብ መጥረጊያው ላስቲክ መስመር የሚተው ከሆነ ዛሬውኑ ለውጪው፣ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን እረኛ ነው። ገሳ ለብሶ ዝናቡን ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ከጉሙ ጋር አንድ ነው፣ አይለይም። መኪናም አይሰማም። በጎቹ መንገድ ከጀመሩ ሁሉም ተከትለው ይሻገራሉ። አንድ በግ ካየሽ እግርሽ ፍሬን ላይ ይሁን። ገበያ ቀን ደግሞ አህያው፣ ሰዉ፣ ጃንጥላው አስፋልቱን ይሞላዋል።

መልስ (ከቢቡኝ)

በእኛ በኩል፣ ጮቄ ሥር፣ በረዶ ሲጥል መንገዱ በአንድ አፍታ ነጭ ይሆናል። እንደ ሽምብራ ይንከባለላል፣ ጎማ አይዝም። ካጋጠመሽ ዳር ይዘሽ ቁሚ። ግማሽ ሰዓት አይቆይም፣ ይቀልጣል።

መልስ (የግብርና ባለሙያ፣ ቢቸና)

ዋልካውን ለእኔ ተዪልኝ፣ በየቀኑ የምውልበት ነው። አጭሩ መልስ፣ በቪትዝ አትግቢ። ዋልካ ሲርስ ጎማው ላይ ይጠመጠማል፣ ከመከላከያው ጋር ይሞላና ጎማው ጭራሽ መዞር ያቆማል። ላንድክሩዘር ሲቀር አይቻለሁ። መኪናሽን አስፋልቱ ዳር ከሚታወቅ ሰው ግቢ አቁሚ፤ እማማን በጋሪ ወይም በበቅሎ ያውጡልሽ። ጎረቤት ሁሉ ይተባበራል። ከቀጠሮው ሁለት ቀን ቀድመሽ ማርቆስ ብታመጫት ደግሞ ዝናቡ ቢያስቀርሽም ሌላ ቀን አለሽ።

መንገድ ላይ ጎርፍ ካቋረጠ አትግቢበት። 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፈሳሽ ውሃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል። ከሥሩ መንገዱ ይኑር አይኑርም አይታይም። ትንሽ ውሃ አልፈሽ ከወጣሽ ፍሬኑን ቀስ ቀስ እያደረግሽ ነክተሽ አድርቂው። ውሃ ውስጥ ሞተር ከጠፋ ደግሞ እንደገና አታስነሺ፣ ውሃ ስቦ ከሆነ ሞተሩን ይሰብረዋል።

ከኋላ ሁለት ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ያዢ። ጭቃ ሲይዝሽ ከጎማው ፊት ታነጥፊዋለሽ። አካፋ፣ መጎተቻ ገመድ፣ ቦቲ ጫማ፣ የእጅ መብራት። ለእማማ ጋቢና ቆሎ። አንጸባራቂውን ሦስት ማዕዘን ደግሞ እንዳትረሺ።

መልስ (የከባድ መኪና ሹፌር፣ ደጀን)

ታኮም ያዢ፣ ሁለት የእንጨት ታኮ። ሰው ዳገት ላይ ሲበላሽበት ድንጋይ ያስደግፍና ሲነሳ እዚያው ትቶት ይሄዳል። ማታ በጉም የሚመጣው ይመታዋል። ስንት ሰው በዚህ እንደተጎዳ እኔ አውቃለሁ።

ጠያቂዋ (ሐምሌ 26)

ተመልሰናል፣ ተመስገን። የፍሬን ዘይቱን ሲያወጡት እንደ ቡና ጠቁሮ ነበር። ሁለት አዲስ ጎማ ከኋላ አስገባሁ። እናቴን የጎረቤት ልጆች በበቅሎ አወጧት፣ ሁለት ቀን ማርቆስ አደረች። ደጀን ላይ ጉሙ እስኪገለጥ ሻይ ጠጣን። ከዚያ በ2፣ አንዳንዴም በኤል ወረድሁ። ሞተሩ ሲጮህ እናቴ "ምን ሆነች?" አለችኝ። "ይዛን ነው" አልኋት። ድልድዩ ሳይደርስ ሰፊ ቦታ አቁሜ እጄን ወደ ጎማው አስጠጋሁ፤ ሞቅ ብሏል እንጂ አልተቃጠለም፣ ሽታም የለውም።

ስንመለስ ዳገቱ ላይ ጠመዝማዛው መሀል ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች ተትተው አገኘሁ። ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ አስቀምጬ፣ መኪና አለመምጣቱን አይቼ፣ አንድ በአንድ ወደ ቦዩ አንከባለልኋቸው። ጋሼ፣ እርስዎን እያሰብሁ ነው።