ቁልፍ አልባ ማስነሻ ለሞተሮቻችን፦ የጋራ ፕሮፖዛሉ ላይ ሀሳብ ስጡበት

ጸሐፊ፦
ሰላም ጀመዓ እንዴት ዋላችሁ። እሁድ የተነሳውን ሀሳብ እዚህ አምጥቼዋለሁ፣ ለጠቅላላ ጉባኤ ከመቅረቡ በፊት ሁላችሁም እጃችሁን አስገቡበት። እንደምታውቁት በአንድ ወር ሁለት ሞተር እዚህ ጅማ ኸርማታ መርካቶ አካባቢ ከቆሙበት ተወስደውብናል፣ ሁለቱም የእንጀራ ሞተር ናቸው። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ ለሁሉም አባል ቁልፍ አልባ ማስነሻ (በካርድ ሚነሳ ሳጥን) በማህበሩ በኩል ተገዝቶ ይገጠም፣ የድሮው ቁልፍ ይውጣ፣ የእያንዳንዱ ሞተር ትርፍ ካርድ ቢሮ ይቀመጥ፣ ወጪው ግማሹ ከማህበሩ ግማሹ ከአባሉ። ምን ትላላችሁ?

ኤሌትሪሻኑ ከቦሳ ቂጦ፦
ሀሳቡ ጥሩ ነው ግን ሌባው እንዴት እንደሚወስድ መጀመሪያ እንወቅ። ቁልፉን ሁሌ አይሰብርም እኮ፣ ከፊት መብራቱ ኋላ እጁን ከቶ ከቁልፉ ሚመጣውን ሶኬት ይነቅላል። አንዳንዱ ሞተር ላይ ይሄ ብቻ ይበቃዋል ምክንያቱም ሲዲአዩ (ለካንዴላው እሳት ሚልከው ሳጥን) ኃይል ሚያገኘው ኢንጅኑ ሲዞር ኃይል ከሚያመነጨው ማግኔቶ ነው፣ የቁልፉ ስራ ማጥፋት ብቻ ነው፣ ስታጠፋው የማጥፊያዋን ሽቦ ከኔጋቲቭ ጋር ያገናኛታል እሳቱም ይቆማል፣ ሶኬቱ ከተነቀለ ግን ሚያገናኛት ነገር የለም፣ በእግር አንዴ ሲመታው ይነሳል። ሁለተኛው አይነት እሳቱን ከባትሪ ነው ሚያገኘው፣ 12 ቮልት በቁልፉ በኩል ካልደረሰው አይነሳም፣ እሱንም ቢሆን ሁለት ሽቦ አገናኝቶ ይሄዳል።

እና ብዙዎቹ ኪቶች (ሱቅ ሚሸጡት ቁልፍ አልባ ሳጥኖች) የተሰሩት ለሁለተኛው ነው፣ ካርዱን ሲያነቡ 12 ቮልት ያወጣሉ በቃ። የመጀመሪያው አይነት ላይ እንዲሁ ከገጠምከው መብራቱና ጥሩምባው ይጠፋል ኢንጅኑ ግን አይጠፋም። እዛ ላይ ባለ 5 እግር ሪሌ (በኤሌክትሪክ ሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ያስፈልጋል፣ 30 የሚለው እግር ላይ የማጥፊያዋ ሽቦ፣ 87ኤ የሚለው ላይ ኔጋቲቭ፣ 85 እና 86 ከኪቱ ጋር። ኪቱ ዝም ሲል ሪሌው ኢንጅኑን ዘግቶ ይቀመጣል፣ ካርድ ሲያይ ይለቀዋል። ሪሌው ከታንከር ስር ይደበቅ፣ ከፊት መብራት ኋላ ካስቀመጥነው ሌባው እጁን ሚከተው እዛው ስለሆነ ልፋታችን ከንቱ ነው።

ስለዚ ግዢ ከመደረጉ በፊት የእያንዳንዱ ሞተር አይነት ይለይ። ቀላል ነው፣ የቁልፉን ሶኬት ነቅለን በእግር እንመታዋለን፣ ከተነሳ የመጀመሪያው ነው።

የዴዶ መስመር አባል፦
እኔ አንድ ነገር ነው ሚያስጨንቀኝ። ዴዶ ቁልቁለት ላይ ሰው ጭኜ እየወረድኩ ይሄ ሳጥን ካርዱን አላየሁም ብሎ ኢንጅኑን ቢያጠፋብኝስ? መብራትም ይሄዳል አይደል፣ ማታ ከሆነ ደግሞ ጉም አለ። ሞተር ቢሰረቅ ሌላ ይገዛል፣ ሰው ግን አይተካም። ይሄ ካልተመለሰልኝ ድምጼን አልሰጥም።

ኤሌትሪሻኑ ከቦሳ ቂጦ፦
ትክክል ነህ ወንድሜ። ካርዱን ሲነሳ አንዴ ብቻ አይቶ እስክታጠፋው ድረስ ዳግም ማይጠይቅ ኪት አለ፣ በየሰከንዱ ሚፈልግም አለ። ሁለተኛውን አንገዛም፣ ይሄ ፕሮፖዛሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ሌላው አደጋ የላላ ሽቦ ነው፣ በኮረኮንች ሲንቀጠቀጥ ኪቱ ኃይል ካጣ ሁለቱም አይነት ሞተር ይጠፋል። ስለዚ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል አይፈቀድም፣ ተበይዶ በሙቀት ሚጨማደድ ላስቲክ ይልበስ። የሞተሩ የራሱ ሽቦም አይቆረጥ፣ ከዋናው ሶኬት መሀል ሌላ ሶኬት እንጨምራለን፣ መንገድ ላይ ቢበላሽ የኛን ነቅለህ ዋናውን መልሰህ በቁልፍህ ትሄዳለህ።

ነባር አባል፦
ልጆቼ፣ የድሮው ቁልፍ ይውጣ የሚለውን እኔ አልስማማበትም። መሪውን ሚቆልፈው እሱ አይደለም እንዴ? ኤሌክትሪኩ ኢንጅኑን ነው ሚዘጋው፣ ሞተሩን ገፍቶ ፒካፕ ላይ ሚጭነውን ሰው አያቆመውም። ከፋብሪካ ቁልፍ አልባ ሆነው ሚወጡት እነ ሆንዳ ፒሲኤክስ እኮ የመሪ መቆለፊያቸው አብሮ የተሰራ ነው፣ ሱቅ ሚሸጠው ሳጥን ግን ያ የለውም። ቁልፉም ይኑር ካርዱም ይጨመር ነው ምለው፣ መሪ መቆለፍም ግዴታ ይሁን። ከተወሰዱት ሁለቱ አንዱ መሪው አልተቆለፈም ነበር፣ ልጁን ለመውቀስ ሳይሆን ለሁላችንም ብዬ ነው።

እህት ከጊንጆ፦
የጋሼ ሀሳብ የኔም ነው። ስለ ካርዱ ደግሞ ልጨምር፣ ሱቅ ሄጄ ሁለት አይነት አሳይተውኛል። አንዱ ኪስ ውስጥ እያለ ከ1 ወይ 2 ሜትር ሚሰማ ነው፣ 2032 ሚባለው ክብ ባትሪ ነው ያለው። ሲታይ ያምራል ግን አስቡት፣ ሞተሬን ደጅ አቁሜ በሩ ጋ ቁጭ ብዬ ቡና እየጠጣሁ ካርዱ ኪሴ ውስጥ ስላለ ሌላ ሰው መጥቶ ሊያስነሳው ይችላል ማለት ነው። ሌላው በ125 ኪሎኸርዝ ሚሰራ ባትሪ የሌለው ነው፣ አጠገቡ ካላስጠጉት አያነብም፣ በዝናብ ቢበሰብስም ችግር የለውም። ይሄኛው ይሻለናል ባይ ነኝ፣ ግን ርካሹ ካርድ ቁጥሩ ስለማይቀየር በቀላሉ ይገለበጣል፣ ስለዚ ለማጠቢያም ለጥገናም ስንሰጥ ካርዱን ከኛ አንለይ።

እና ትርፍ ካርድ ቢሮ ይቀመጥ የሚለው ይውጣልኝ። ሁሉም ሞተር ሚከፈትበት ካርድ አንድ መሳቢያ ውስጥ ከተሰበሰበ ሌባው አንድ በር ብቻ ነው ሚሰብረው። ለያንዳንዱ ሁለት ካርድ ይመዝገብ፣ አንዱ ቤት ይቀመጥ።

ገንዘብ ያዥ፦
እሺ ካርዱ ላይ እህታችን አሳምናኛለች። እኔ ሚያሳስበኝ ባትሪው ነው። ሳጥኑ ሞተሩ ቆሞም ኃይል ይበላል። 10 ሚሊአምፒር ብቻ ቢበላ በቀን 0.24 አምፒር ሰዓት ነው፣ ባለ 5 አምፒር ሰዓት ባትሪ በ20 ቀን ባዶ ይሆናል፣ ከዛም በፊት ሞተሪኖ (ኢንጅኑን ሚያስነሳውን) ማዞር ያቅተዋል። ቡና በማይለቀምበት ወቅት ሁለት ሦስት ሳምንት ሞተር ሚያቆሙ አባሎች አሉን። ስለዚ ካርድ አንባቢው ሁልጊዜ ሚነቃ ሳይሆን አዝራር ሲነካ ብቻ ሚነቃ ይሁን፣ ሲገጠምም በቴስተር ተለክቶ ቁጥሩ ይጻፍ።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ፣ ለሁሉም ባንዴ ከመግዛት ሦስት ሞተር ላይ እንሞክረው። ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ እሰበስባለሁ። የሦስቱን ሙሉ ወጪ ማህበሩ ይሸፍን፣ ምክንያቱም አደጋውን ለኛ ብለው ነው ሚወስዱት። የቀረው አባል ግማሹን ቡና ሲሸጥ ህዳርና ታህሳስ ላይ ይክፈል፣ አሁን ክረምት ላይ የማንም እጅ ባዶ ነው።

የዴዶ መስመር አባል፦
እንደዛ ከሆነ አንዱ የኔ ይሁን። ከሰኔ እስከ መስከረም መጨረሻ ሙሉ ክረምቱን ይሞከር፣ የጅማን ዝናብ ካለፈ ሌላውን ያልፋል። ሳጥኑ ከወንበር ስር ይሁን፣ ሽቦውም ትንሽ ወደታች ተንጠልጥሎ ይግባ ውሃው ሳጥኑ ጋ ሳይደርስ እንዲንጠባጠብ።

እህት ከጊንጆ፦
ሁለተኛው የኔ። ብዙ ስለምቆም ባትሪውን በኔ እዩት።

ጸሐፊ፦
ጀዛኩሙላህ፣ እግዜር ይስጥልን ሁላችሁንም። አስተካክዬ ጽፌዋለሁ፦ የፋብሪካው ቁልፍ አይወጣም፣ መሪ መቆለፍ ግዴታ ነው። ካርዱ ተጠግቶ ሚነበብ፣ ባትሪ የሌለው፣ ሲነሳ አንዴ ብቻ ሚጠየቅ ይሁን። ለያንዳንዱ ሞተር ሁለት ካርድ፣ ሁለቱም ባለቤቱ ጋ፣ ሞተር ሲሸጥ የድሮው ካርድ ተሰርዞ ለገዢው አዲስ ይመዘገባል። ዋናው ሽቦ አይቆረጥም። የሦስት ሞተር ሙከራ እስከ መስከረም 30፣ ኢንጅን በጉዞ ላይ አንዴ እንኳ ከጠፋ ምክንያቱ ሳይታወቅ ግዢ የለም። ለትራንስፖርት ቢሮና ለኢንሹራንሳችን የማሳወቂያ ደብዳቤ እኔ እጽፋለሁ።

ሦስተኛው ሞተር ማን ነው? በእግር ሲመታ ሚነሳው አይነት ቢሆን ነው ሚፈለገው፣ ሪሌው እዛ ላይ ካልተሞከረ ግማሽ አባላችንን አልሞከርንም።

ነባር አባል፦
የኔ ከነሱ ነው፣ ሶኬቱን ነቅዬ አይቼዋለሁ፣ በእግር ይነሳል። ውሰዱት።

ኤሌትሪሻኑ ከቦሳ ቂጦ፦
ቅዳሜ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ጋራዡ ጋ ሦስታችሁም ኑ፣ ሊብሬና የመጀመሪያ ቁልፋችሁን ይዛችሁ። ለጊዜው ምንም ማይገጠም ስለሆነ ሽቦውን ብቻ ነው ማየው። ጋሼ ዝናብ ከያዘ እርስዎ አይንዱ፣ ሞተሩን እኔ መጥቼ እወስደዋለሁ።