የዝንጅብልና የኮረሪማ ዘይት በእርግጥ ጀርም ይገድላል?

ጥያቄ፣ ከደሴ፦
ሰኞ ገበያ አካባቢ ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። ዝንጅብል፣ ኮረሪማና እርድ የሚገዙኝ ደንበኞች «ዘይቱ ጀርም ይገድላል» ሲሉ እሰማለሁ፤ ለቁስል ይሆን እንደሆነ የሚጠይቁኝም አሉ። ዝንጅብል ቀጥቅጬ የማፈላው ሻይ ይህንኑ ዘይት ይይዛል? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ (የኬሚስትሪ መምህር)፦
እህቴ፣ የጠቀሷቸው ሦስቱም፣ ሄልም ጭምር፣ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ዘይቱ የሚገኘው የተቀጠቀጠው ቅመም ከውሃ ጋር ፈልቶ እንፋሎቱ በቀዝቃዛ ቱቦ ሲያልፍና ተመልሶ ሲንጠባጠብ ነው፤ አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም። ከ1 ኪሎ ደረቅ ዝንጅብል የሚወጣው ከ10 እስከ 30 ግራም ቢሆን ነው። ክዳን በሌለው ድስት ሲያፈሉ ቤቱን የሚያውደው መዓዛ እንግዲህ ከሻይዎ ያመለጠው ዘይት ነው።

በቤተ ሙከራ ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ ዘይቱ የነካው ትንሽ ክብ ወረቀት ሲቀመጥ፣ በዙሪያው ምንም ያልበቀለበት ቀለበት ይታያል። ቀለበቱ ቁስል በሚያመረቅዘው ስታፊሎኮከስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሰፋ ይላል፤ ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ላይ ግን፣ ዘይቱን የሚከላከልለት ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ስላለው፣ ቀለበቱ ይጠብባል። በኮረሪማ ዘር ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሲኒዮል የተባለው መዓዛማ ውህድ በባሕር ዛፍ ቅጠልም አለ፤ ሁለቱን አሽትተው ያነጻጽሩ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህር። የእርዱ ቢጫ ቀለምስ ከዘይቱ ጋር ይወጣል?

መልስ፣ ከደሴ (ፋርማሲስት)፦
አይወጣም። ቢጫው ኩርኩሚን ስለማይተን ከእንፋሎቱ ጋር አይሄድም፤ በእርድ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ቱርሜሮን የተባለው ነው። ስለዚህ ስለ ኩርኩሚን የተነገረውን ሁሉ ለዘይቱ መስጠት ስህተት ነው።

ቁስልን በተመለከተ ግን ሳህኑ ላይ የታየውን ወደ ሰው ገላ ባናሻግረው እመርጣለሁ። ዘይቱን በሆዱ የያዘው ዝንጅብል ራሱ እንኳ ከባክቴሪያ አላመለጠም፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በደቡብ የዝንጅብል ማሳዎችን ያጠወለገው በሽታ መነሻው ባክቴሪያ ነበር። ያልተበረዘ ዘይት ደግሞ ቆዳን ይለበልባል። ደንበኛዎ ቁስሌ አመረቀዘ ካለዎት፣ ኮረሪማውን ለወጡ ይሽጡለትና እሱን ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩት።